ዜሮ ድሮፕ የሩጫ ጫማ ያዋጣል ወይ? የአንድ ጥያቄና የሃያ አንድ ምላሾች ክር

ጥያቄውን ያነሳው ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚሮጥ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። ዳገቱን ሲወጣ ምንም እንደማይሰማው፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን በቀኝ ጉልበቱ ሎሚ ዙሪያ ሕመም እንደሚጀምረው ገለጸ። አሜሪካ የሚኖር ወንድሙ ለበዓል ሲመጣ ዜሮ ድሮፕ የሚባለውን፣ ማለትም ተረከዙና የጣቶቹ ሥር ከመሬት እኩል ከፍታ ያላቸውን ጫማ ሊያመጣለት አስቧል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ስለ ጫማው የሚነገረውም እርስ በርሱ ይጋጫል። ስለዚህ ለውድድር ሳይሆን ለጤናው ለሚሮጥ ሰው ይህ ጫማ በእውነት ያዋጣል ወይ ሲል በትሕትና ጠየቀ።

ክሩ ረጅም ነው፤ ፍሬው ከገለባው ጋር ተደባልቋል። የመድረኩ አስተባባሪ እንደመሆኔ በተራ ቁጥሩ እየተከተልሁ ብተርከው በኋላ ለሚመጣ አንባቢ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የራሴንም አቋም ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ ይህ ጫማ ሸክምን አያጠፋም፣ ከአንዱ የእግር ክፍል ወደ ሌላው ያዛውራል። ሸክሙ የሚዛወርበት ቦታ ለመሸከም ለተዘጋጀ ሰው ያዋጣል፤ ላልተዘጋጀ ሰው ጉዳት ያመጣል። ምላሾቹንም የመዘንኋቸው በዚህ መስፈርት ነው።

ምላሽ 1 የመጣው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ከሚኖር ወንድማችን ነው። ጠያቂውን እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ተቀብሎ፣ እሱ ራሱ ዜሮ ድሮፕ ማድረግ ከጀመረ ዓመታት እንዳለፉ፣ ቀድሞ ያስቸግረው የነበረው የጉልበት ሕመም እንደተወው፣ ጣቶቹም በሰፊው የጫማ አፍንጫ ውስጥ እንደልብ ስለሚዘረጉ ከእንግዲህ ወደ ጠባቡ ጫማ እንደማይመለስ ጻፈ። ምስክርነቱ ቅን ነው። ይሁን እንጂ ምን ያህል ጊዜ ወስዶ እንደተሸጋገረ አልነገረንም፤ ከሁሉ ይልቅ ሊነገረን የሚገባው ግን እሱ ነበር።

በስቶክሆልም የስፖርት ጫማ መደብር ውስጥ የሚሠራ ተሳታፊ በምላሽ 2 ነገሩን ከሥሩ አብራራ። በተለመደው የሩጫ ጫማ ተረከዙ ከጣቶቹ ሥር ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ድሮፕ የሚባለው ይህ ልዩነት ነው። የስፖንጁ ውፍረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የአፍንጫው ስፋትም እንዲሁ ሌላ። ሰው ሦስቱን አንድ አድርጎ ስለሚያወራ ክርክሩ መቋጫ ያጣል። ለምሳሌ ያህል፣ በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተመሠረተው አልትራ የተባለ ኩባንያ የሚያመርተው ሎን ፒክ የተሰኘ ጫማ ከተረከዝ እስከ ጣት 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሶል አለው፤ ቪብራም የተባለው ኩባንያ ለእያንዳንዱ ጣት ለየብቻ ማስገቢያ ያበጀለት ጫማ ደግሞ እንደ ጓንት የሳሳ ነው። ሁለቱም ዜሮ ድሮፕ ናቸው፤ እግር ላይ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ስለዚህ ጠያቂው ወንድሙን በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛውን ዓይነት ሊያመጣ እንዳሰበ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ገጾች እጅግ የጠቀመኝ ይህ ምላሽ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ሳያነቡት ማለፋቸው ያሳዝናል።

በምላሽ 3 የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ጸሐፊው አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ ማሸነፉን አስታውሶ፣ የአበበ ልጆች ሆነን ስለ ጫማ ተረከዝ ከፈረንጅ ምክር መጠየቃችን የሚያሳፍር መሆኑን፣ የሯጮችን ጉዳት የፈጠረው ራሱ ወፍራሙ ጫማ መሆኑን፣ ጠያቂውም ጫማውን አሽቀንጥሮ ጥሎ በሣር ላይ በባዶ እግሩ ቢሮጥ በወር ውስጥ እንደሚድን ያለ አንዳች ጥርጣሬ ጻፈ።

ይህን ያረሙት ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ በምላሽ 4። አነጋገራቸው ጨዋ፣ ነገራቸው ግን ጠንካራ ነበር። አበበ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው የጫማን ጉዳት ለዓለም ለማስተማር ሳይሆን፣ እዚያ ያገኘው ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው መሆኑን አስታወሱ። በባዶ እግር መሮጥም ለእርሱ በልምምድ የታወቀ ነገር ነበር። በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ድንጋይ ላይ አልፎ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ባደረገ በስድስት ሳምንት ገደማ፣ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፤ የራሱንም ሰዓት ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሻለ። መምህሩ ከዚህ ተነሥተው ጫማው አፈጠነው ለማለት አልደፈሩም፤ አንዱን የአበበን ድል ይዞ ሌላውን መተው ግን ለታላቁ ሰው ታማኝ አለመሆን ነው ሲሉ ደመደሙ። እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አበበን በየክርክሩ ለማስረጃ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው፤ የሮጠውን በሙሉ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

ምላሽ 5 አጭር ነው፤ ሦስተኛውን በመደገፍ፣ ገጠር ያደገ ሁሉ ከጎማ በተሠራ በረባሶ ወይም በፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ረጅም መንገድ ተጉዞ እንደተማረና ሁለቱም ተረከዝ እንደሌላቸው አስታወሰ። እውነት ነው። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በበረባሶ የተጓዘ ሰው ባትና ጅማት፣ ሃያ ዓመት በቢሮ ወንበር ላይ ተረከዝ ባለው ጫማ ከተቀመጠ ሰው ባትና ጅማት ጋር አንድ አይደለም።

ይህንኑ በሙያ ቋንቋ ያስረዳችው በአዲስ አበባ የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት በምላሽ 6 ናት። የጫማው ተረከዝ ዝቅ ሲል እግር መሬት በረገጠ ቁጥር ቁርጭምጭሚት ይበልጥ ይታጠፋል፤ ባትና የተረከዝ ጅማት ይበልጥ ይለጠጣሉ፤ ሰውነትን ወደፊት የመግፋቱ ሥራም ይበልጥ በእነርሱ ላይ ይወድቃል። ብዙ ሯጮች በዚህ ጊዜ ሳያስቡት እርምጃቸውን ያሳጥራሉ፤ ከተረከዛቸው ይልቅ በእግራቸው መሐል ወይም ፊት ያርፋሉ። በዚህም ምክንያት በጉልበት ሎሚና ከበስተኋላው ባለው አጥንት መካከል ያለው ጫና ይቀንሳል። ለዚህ ነው ጉልበቱን የሚያመው ሰው በዜሮ ድሮፕ እፎይታ ሊያገኝ የሚችለው። በአንጻሩ የተረከዝ ጅማቱ የታመመ ሰው ወደ እርሷ ሲመጣ የምታደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ጅማቱ እንዲያርፍ በጫማው ውስጥ ከተረከዙ ሥር ከፍ የሚያደርግ ነገር ታስገባለታለች። እንግዲህ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ሕመም ነው። በመጨረሻም ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ሊጠነክር ሲችል ጅማትና አጥንት ግን ወራት እንደሚፈልጉ፣ ሰው የሚጎዳውም በዚህ ክፍተት ውስጥ መሆኑን አስጠነቀቀች።

ምላሽ 7 ጥናት ይዞ መጣ። በሉክሰምበርግ የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት 553 የመዝናኛ ሯጮችን በሦስት ከፍሎ፣ በድሮፕ ብቻ የሚለያዩ ጫማዎችን፣ ማለትም ባለ 10፣ ባለ 6 እና ባለ 0 ሚሊ ሜትር፣ ሰጥቶ ለስድስት ወር ተከታትሏቸዋል። በጠቅላላው ሲታይ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የጉዳት ልዩነት አልተገኘም። ሯጮቹ በልምዳቸው ሲለዩ ግን ሌላ ነገር ታየ፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሮጡት ዝቅተኛ ድሮፕ ባለው ጫማ ያነሰ ጉዳት ሲደርስባቸው፣ አዘውትረው የሚሮጡት ደግሞ የበለጠ ተጎድተዋል። ይህን ግኝት ሳነብ የፊዚዮቴራፒስቷን ማብራሪያ ያጸናው መሰለኝ። አዘውትሮ የሚሮጥ ሰው ሰውነቱ ለለመደው ጫማ ተገርቷል፤ የሚሮጠውም ርቀት ብዙ ስለሆነ ለውጡ ይከብደዋል። የምላሹ ጸሐፊ አክሎ፣ ባለ ጣት ጫማ አምራቹ ቪብራም ጫማው ለጤና ይሰጣል ብሎ ያስተዋወቀው ጥቅም ማስረጃ የለውም በሚል ተከስሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን በ2014 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱን ጠቀሰ።

የምላሽ 3 ጸሐፊ በምላሽ 8 ተመለሰ፤ ቁጣውም ጨምሮ ነበር። ጥናት የሚባለው ሁሉ በጫማ ኩባንያ ገንዘብ የሚሠራ ነው አለ። እውነተኛው ምርምር የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማን በ2010 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጣው ብቻ ነው፤ እርሱም በባዶ እግራቸው ያደጉ ኬንያውያን ሯጮች በእግራቸው ፊት እያረፉ ድንገተኛውን የምት ኃይል እንደሚያስቀሩ አረጋግጧል ሲል ጻፈ። የምላሽ 7 ጸሐፊ በምላሽ 9 የሰጠው መልስ ስለታም ነበር። በመጀመሪያ፣ ያ የ2010 ጥናት ራሱ ከፊል ድጋፍ ያገኘው ከቪብራም መሆኑን፣ የገንዘብ ምንጭ የሚያስጠረጥር ከሆነም ጥርጣሬው ወደ ሁለቱም ወገን መሄድ እንዳለበት አሳየው። ቀጥሎም በ2013 በሰሜን ኬንያ በዳሰነች ሰዎች ላይ የተደረገውን ጥናት አመጣ። ዳሰነች በእኛም ኦሞ ሸለቆ የሚኖር ሕዝብ ነው፤ በጥናቱ የተሳተፉት በባዶ እግራቸው የኖሩ ናቸው፤ ሆኖም ረጅም ርቀት በሚያስኬድ መካከለኛ ፍጥነት ሲሮጡ 72 በመቶ ያህሉ ያረፉት በተረከዛቸው ነበር። ፍጥነት ሲጨምሩ አረጋገጣቸው ወደ ፊት አደላ። እንግዲህ በባዶ እግር የሚሮጥ ሁሉ በአንድ ዓይነት ይረግጣል የሚለው አባባል ከጎረቤቶቻችንም እግር ጋር አልተስማማም። የመልሱን ይዘት ወድጄዋለሁ፤ ተከራካሪውን አላዋቂ አድርጎ የጨረሰበት መስመር ግን አስፈላጊ አልነበረም፤ ቀጥሎ ለመጣው ጠብም በር ከፈተ።

ምላሽ 10 እስራኤል ውስጥ በነታንያ ከተማ ከምትኖር እህታችን ነው። በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ አዘውትራ ትሮጥ የነበረች ሴት፣ በስሱ ዜሮ ድሮፕ ጫማ ፍቅር ተይዛ የድሮውን በአንድ ቀን ጣለችው፤ የምትሮጠውንም ርቀት አልቀነሰችም። መጀመሪያ ባቷ ደነደነ፤ እርሱን የልምምድ ምልክት ነው ብላ አለፈችው። ከዚያ የእግሯ የላይኛው ገጽ በአንድ ቦታ ላይ ማመም ጀመረ፤ ሲመረመር ከጣቶቿ በስተኋላ ካሉት ረጃጅም አጥንቶች አንዱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ታሪኳ ብቸኛ አይደለም። በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ልምድ ያላቸውን ሯጮች በአሥር ሳምንት ውስጥ ወደ ባለ ጣቱ ጫማ ሲያሸጋግር፣ ከነባሩ ጫማቸው ካልወጡት ይልቅ በተሸጋገሩት የእግር አጥንት ውስጥ የእብጠት ምልክት በብዛት አይቷል። አሥር ሳምንት ለብዙዎቻችን ረጅም ጊዜ ይመስላል፤ ለአጥንት ግን አጭር ነው።

በምላሽ 11 አንድ ሰው ጥፋቱ የሴትየዋ እንጂ የጫማው እንዳልሆነ፣ ሰነፍ እግር ያላት ሰው መሮጥ እንደሌለባት ጻፈ። ምላሽ 12 የእኔ ነው፤ የተጎዳ ሰው ታሪኩን ለሌሎች ጥቅም ሲያካፍል መሰደብ እንደሌለበት አስታውሼ፣ ድጋሚ ቢጻፍ እንደምሰርዘው ገለጽሁ። ሰውየው አልመለሰም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ መንገዱን ሳተ። በምላሽ 13 የጫማ ዋጋ መናሩና በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ምልክት አስመስሎ የተሠራ መሆኑ ተነሣ፤ በምላሽ 14 ደግሞ ወደ እንጦጦ ማለዳ የሚወጣ ሰው ከጫማው ይልቅ ስለ ውሾቹ ማሰብ እንዳለበት አንዱ መከረ፤ ብቻውን ባይሄድ እንደሚሻልም ጨመረ። ነገሩን ወደ ቦታው የመለሰው የስቶክሆልሙ ጫማ ሻጭ በምላሽ 15 ነው። ከመርካቶ ልባሽ ጫማ የሚገዛ ሯጭ በጫማው ላይ የተጻፈውን ድሮፕ ማመን እንደሌለበት አስረዳ፤ የቀድሞው ባለቤት በተረከዙ ይረግጥ ከነበረ የተረከዙ ስፖንጅ ተጨፍልቆ ድሮፑ ቀንሷል፤ በአንድ ጎን ከተበላ ደግሞ እግርን ወደዚያው ያጋድላል። ስለዚህ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ማየት፣ ተረከዙንም በአውራ ጣት መጫን ያስፈልጋል። ስንቶቻችን ሳናውቀው በዝቅተኛ ድሮፕ ስንሮጥ እንደኖርን እንዳስብ ያደረገኝ ምላሽ ነው።

ምላሽ 16 የክለብ አትሌት የሆነ ወጣት የጻፈው ነው። በእርሱ ልምድ አሠልጣኞች ከጫማ ይልቅ የሚጨነቁት ስለ መሬቱ ነው፤ አንድ ቀን ጫካ፣ አንድ ቀን ኮሮኮንች፣ አንድ ቀን አስፋልት ይደረጋል፤ እግር በየቀኑ አንድ ዓይነት ምት እንዳይቀበል ነው። በአስፋልት ላይ ሁሉም ወፍራም ጫማ ይፈልጋል። የዓለም ምርጦች ዜሮ ድሮፕ ያደርጋሉ ወይ ለሚለውም ትዕግሥት አሰፋን ጠቀሰ፤ በመስከረም 2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም የሚመዝን፣ ተረከዙ 39 ሚሊ ሜትር፣ ድሮፑም 6 ሚሊ ሜትር ነው። ወጣቱ ራሱ እንዳለው ግን ይህ ጫማ ለአንድ ቀን ፍጥነት የተሠራ እንጂ ለጠያቂው ጉልበት የታሰበ አይደለም፤ ስለዚህ ለዚህም ወገን ማስረጃ ሊሆን አይገባም። በሃያዎቹ ዕድሜ ካለ ሰው እንዲህ ያለ ሚዛናዊነት ማንበብ ያስደስታል።

በምላሽ 17 ጠያቂው ተመለሰ፤ ሁሉንም አመስግኖ ሁለት ነገር ጠየቀ። ጫማውን ቢቀበል እንዴት ይሸጋገር? ገንዘብ ሳያወጣስ ጉልበቱን የሚያሳርፍበት መንገድ አለ ወይ?

የፊዚዮቴራፒስቷ መልስ፣ ምላሽ 18፣ ታትሞ በየጂሙ ሊለጠፍ የሚገባው ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ጀመረች። ማንኛውንም ጫማ አድርጎ፣ ፍጥነቱን ሳይለውጥ፣ በደቂቃ የሚረግጠውን የእርምጃ ብዛት ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢጨምር እርምጃው ያጥራል፣ እግሩ ከሰውነቱ ፊት ርቆ አያርፍም፣ በጉልበቱ ላይ ያለው ጫናም ይቀንሳል። ይህ በቁልቁለት ላይ በተለይ ይጠቅማል። የጭንና የዳሌ ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ልምምድም መጨመር አለበት። ስለዚህ አስቀድሞ ይህን ለተወሰኑ ሳምንታት ይሞክር፤ ሕመሙ ከለቀቀው ጫማ መለወጥ ላያስፈልገው ይችላል። ጫማውን ከመረጠ ደግሞ ስሱን ሳይሆን ስፖንጅ ያለውን ይምረጥ፤ በመጀመሪያ ለእግር ጉዞና ለቤት ውስጥ ያድርገው። ቀጥሎ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሩጫው ጥቂት ደቂቃውን ብቻ፣ በሜዳ ላይ ይሩጥበት፤ የቀረውን በነባሩ ጫማ ይጨርስ። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ይጨምር። የእንጦጦ ዳገት ባትንና የተረከዝ ጅማትን አስቀድሞ የሚወጥር ስለሆነ ወደዚያ አዲሱን ጫማ አድርጎ የሚወጣው በመጨረሻ ይሁን። በተጓዳኝ በደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሣትና በዝግታ ማውረድ፣ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ በኋላም በአንድ እግር፣ መለመድ አለበት። ከሩጫ በኋላ ባት ቢደክም ችግር የለውም፤ ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ የተረከዙ ጅማት ከገተረውና ካመመው ወይም በእግሩ አጥንት ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም ሕመም ከጀመረው ግን አቁሞ ይመርመር።

ምላሽ 19 ሰውነቱ ከበድ ካለ ሯጭ ነው፤ የክብደት ጉዳይ እስካሁን አለመነሣቱን በቅሬታ ጠቅሶ በ2017 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አስታወሰ። በዚያ ጥናት ከ71 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ ሯጮች በቀላልና ስስ ጫማ ሲሮጡ የጉዳት ስጋታቸው ከተለመደው ጫማ ይልቅ ጨምሯል። ጫማ ሻጩ ወዲያው እንዳስተዋለው ግን ያ ጥናት ስለ ስስነት እንጂ በቀጥታ ስለ ዜሮ ድሮፕ አልነበረም፤ የምላሽ 2 ነገር እዚህም ሠራ። ይህን ያለው በምላሽ 19 ሥር በተጻፈ አጭር ማስታወሻ ስለሆነ ለብቻው ቁጥር አልሰጠሁትም።

ምላሽ 20 አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። ባንክ የምትሠራ አንዲት እህት ቀኑን ሙሉ ረጅም ተረከዝ ባለው ጫማ እንደምትውል፣ ማታ ከሥራ ወጥታ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ እንደምትለማመድ ገልጻ፣ ዜሮ ድሮፕ ለእንደርሷ ዓይነቷ ይሆናል ወይ ስትል ጠየቀች። ፊዚዮቴራፒስቷ በምላሽ 21 በግልጽ አሁን አይሆንም አለቻት። ተረከዝ ከፍ ብሎ ሲዋል ባት በአጭሩ መሥራትን ይለምዳል፤ የተረከዝ ጅማትም ግትር ይሆናል፤ ያንን ጅማት በዚያው ምሽት በጠፍጣፋ ጫማ ደረጃ ላይ ማዝለል ከሁሉ የከፋው አጋጣሚ ነው። መጀመሪያ የቢሮ ጫማዋን ተረከዝ በየጊዜው ዝቅ እያደረገች ትልመድ፤ ለሩጫ ከ8 ሚሊ ሜትር በታች ባልሆነ ድሮፕ ትቆይ፤ ቁርጭምጭሚቷን ለመፈተሽም በባዶ እግሯ ግድግዳ ፊት ቆማ፣ አውራ ጣቷን ከግድግዳው አንድ ጭብጥ ያህል አርቃ፣ ተረከዟን ከመሬት ሳታነሣ ጉልበቷን ግድግዳው ላይ ለማስነካት ትሞክር። ካልደረሰላት ጥያቄውን ባቷን ካፍታታችና ካጠነከረች በኋላ መልሳ ታምጣው። እህታችን ሞክራ በግራ እግሯ እንደሚደርስላት፣ በቀኙ ግን እንደማይደርስ ጽፋለች፤ ፊዚዮቴራፒስቷም ስለ ቀኝ እግሯ ያለፈ ጉዳት ጠይቃታለች። መልሷን እየጠበቅን ነው።